አኮስቲክ ጊታር መድረክ ላይ ሲያጓራ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሳድሉ (ክሮቹ ሆዱ ላይ የሚያርፉበት ዘንግ) ስር ፒካፕ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ) የተገጠመለት አኮስቲክ ጊታር አለኝ። በትንሽ አምፕ ለብቻዬ ስጫወት ችግር የለውም። ከባንድ ጋር መድረክ ላይ ድምፁ ከፍ ሲል ግን ወፍራም ጩኸት ይነሳና እየበረታ ይሄዳል፤ በተለይ ስድስተኛው ክር ላይ ጂ ስይዝ። ቤዙን በሙሉ ስቀንሰው ጩኸቱ ይጠፋል፣ ጊታሩ ግን ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሚያጓራው የጊታሩ ሆድ ነው። ከሞኒተሩ (ወደ ተጫዋቹ ከዞረው የመድረክ ስፒከር) የወጣው ድምፅ የጊታሩን የፊት ጣውላና በውስጡ ያለውን አየር ያንቀጠቅጣል፤ ፒካፑ ንዝረቱን ተቀብሎ መልሶ ወደ ሞኒተሩ ይልከዋል፤ ዙሩ በተደጋገመ ቁጥር ድምፁ ያድጋል። በአብዛኞቹ ጊታሮች የሆዱ አየር በቀላሉ የሚነቃው ከ90 እስከ 110 ኸርዝ ባለው ክልል ሲሆን ጣውላው ደግሞ 200 ኸርዝ ግድም ነው። በስድስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለው ጂ 98 ኸርዝ ስለሆነ በትክክል እዚያ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ኢኪው (ቤዙንና ሌሎቹን የድምፅ ክልሎች ማስተካከያ) ከመንካትዎ በፊት ከጊታሩ ይጀምሩ። የድምፅ ቀዳዳውን ለዚሁ በተሠራ የጎማ ክዳን ይድፈኑት። የሆዱ አየር እንደ ልቡ መውጣትና መግባት ሲያቅተው 100 ኸርዝ አካባቢ ያለው ማጓራት በእጅጉ ይቀንሳል። ፒካፑ የሚያነበው ከሳድሉ ስለሆነ በስፒከር የሚሰማው ድምፅ ብዙም አይለወጥም፤ ያለ ኤሌክትሪክ ሲጫወቱ ግን ይታፈናል፣ ያኔ ያውጡት። ርካሽ ነው፣ ከየትኛውም መሣሪያ በፊት የምንመክረውም እሱን ነው። 200 ኸርዝ ላይ የሚነሳውን የጣውላ ንዝረት ግን ክዳኑ አይፈታውም።

ቀጥሎ በፕሪአምፑ (የፒካፑን ድምፅ በሚያጎላው መሣሪያ) ላይ ያለውን የፌዝ ቁልፍ ይሞክሩ። ከሞኒተሩ የሚደርሰው ግፊት ከጣውላው እንቅስቃሴ ጋር ሲገጥም ጩኸቱ ይበረታል፤ ቁልፉ አቅጣጫውን ይገለብጠዋል። ብዙዎች አንድ ጊዜ ነክተው «አይሠራም» ብለው ይተዉታል። ውጤቱ በቆሙበት ቦታ ይወሰናል፦ የ100 ኸርዝ ሞገድ ርዝመት 3.4 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከቆሙበት ተነስተው ከሞኒተሩ በ1.7 ሜትር ቢርቁ ሁኔታው ይገለበጣል። የሚሞክሩት በዝግጅቱ ላይ በሚቆሙበት ቦታ ይሁን።

የቀረውን በኖች ፊልተር ያውጡ። ቤዙን በሙሉ ሲቀንሱ ጤነኛውን ድምፅ ሁሉ አብረው ይወስዱታል፤ ኖች ግን የታመመችውን ጠባብ ቦታ ብቻ ይቆርጣል። ሳውንድ ቼክ ላይ ጊታሩን ታጥቀው በቦታዎ ይቁሙ፣ ክሮቹን በእጅዎ ያፍኑ፣ ባለሙያው የሞኒተሩን ድምፅ ጩኸቱ ብቅ እስኪል ድረስ ቀስ ብሎ ያሳድግ። ኖቹን ጩኸቱ እስኪሞት ከ80 ኸርዝ ወደ ላይ ያንቀሳቅሱት፤ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል መቁረጥ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ክሮቹን ለቀው ይድገሙት፤ ያልታፈኑ ክሮችም በራሳቸው ይነቃሉና። ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ከቆረጡ በኋላ ያቁሙ። አራተኛ ካስፈለገ ጥፋቱ የሞኒተሩ አቀማመጥ ወይም የድምፁ መጠን ነው። በመጨረሻ ሞኒተሩን ጩኸት ከጀመረበት 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርገው ይተዉት።

ሚክሰሩ ኖች ከሌለውና በኢኪው አንድ አንድ ድግግሞሽ እያጎሉ የሚያጓራውን የሚፈልጉ ከሆነ አስቀድመው የሞኒተሩን ድምፅ ይቀንሱ። አለበለዚያ ትክክለኛዋን ቦታ ባገኙባት ቅጽበት የሚፈነዳው ጩኸት ጆሮም ስፒከርም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ጊታሬ ፒካፕ የለውም። በማይክ ስጫወት ከፍ ያለ ፉጨት ይመጣል። ማይኩን የት ላድርገው?

መልስ፦ አንገቱ ከሆዱ በሚገናኝበት ቦታ ፊት ለፊት፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ። ቀዳዳው ፊት አያድርጉት፤ ቤዙ ይጎርፍበታል። ማይኩን ማቅረብ ጌይን (የማይኩን ማጉያ መጠን) ከመጨመር ይሻላል፤ ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር ጊታሩ እስከ 6 ዴሲቤል ይጠነክራል፣ ከሞኒተሩ የሚገባው ግን አያድግም። ሲቀርብ የሚጨምረውን ቤዝ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ ላይ በሎው ከት (ዝቅተኛውን ድምፅ በሚቆርጥ ማጣሪያ) ያንሱ።

ሞኒተሩ ማይኩ በማይሰማበት አቅጣጫ ይሁን። ካርዲዮይድ የሚባለው ማይክ የማይሰማው በትክክል ከጀርባው ነው። ሱፐርካርዲዮይድ የሚባለው ዓይነት ግን ከጀርባው ትንሽ ይሰማል፤ ደንቆሮ የሚሆነው ከፊቱ ወደ 125 ዲግሪ ግድም ባሉት ሁለት ጎኖች ስለሆነ ሞኒተሩን ወደ አንደኛው ያዛውሩ። ጥቅም ላይ የማይውሉ ማይኮችንም ይዝጉ፤ የተከፈቱ ማይኮች ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር ፉጨት ሳይነሳ ሊደርሱበት የሚችሉት መጠን በ3 ዴሲቤል ይወርዳል።

ድራም ካለበት ባንድ ጋር ከሆነ ግን ማይክ ብቻውን አይበቃዎትም። ቀዳዳው ላይ የሚገጠም ማግኔቲክ ፒካፕ ይያዙ፤ የክሩን እንጂ የጣውላውን ንዝረት እምብዛም ስለማያነብ ጩኸትን ይቋቋማል።

ጥያቄ፦ ስጫወት ደህና ነው፤ ዘፈኑ አልቆ እጄን ሳነሳ ግን ጩኸት ይጀምራል። ለምን?

መልስ፦ ኮምፕረሰር (ከፍ ያለውን ድምፅ ተጭኖ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) ይጠቀማሉ ብለን እንገምታለን። ሲጫወቱ ድምፁን 6 ዴሲቤል ይጫንና በሜክአፕ ጌይን 6 ዴሲቤል ይመልሳል፤ ሲያቆሙ መጫኑ ይቀራል፣ የተጨመረው 6 ዴሲቤል ግን እዚያው ነው። ጩኸቱ በዝምታው የሚነሳው ለዚህ ነው። ኮምፕረሰሩን ከሞኒተሩ መስመር ያውጡት፤ ለዋናው ስፒከር ብቻ ይቅር። ዘፈኑ ሲያልቅም ክሮቹን በመዳፍዎ ያፍኑ፣ ጊታሩን ፊቱን ወደ ሞኒተሩ አድርገው አይቁሙ፣ በዘፈኖች መካከል ደግሞ ድምፅ የሚዘጋ የቲዩነር ፔዳል ይርገጡ።