63,000 ላይ የደረሰው ቆጠራ

ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ።

ትዕግሥቴ አልቋልና አነጋገሬ ሻካራ ቢሆን ይቅር ይበሉኝ። ታላቅ እህቴ የጉበት ካንሰር ይዟት ቤት ተኝታለች። ሐኪሙ ከሳምንታት በላይ እንደማትቆይ ነግሮናል። ሁለታችንም የቡድሃን ትምህርት የምንከተል ነን። እሷ 15 ዓመት አልፏታል፤ እኔንም ያስገባችኝ እሷው ናት። ባሏ ግን አይቃወምም፣ አይከተልምም። ችግሬ እሱ ነው።

የማሰላሰል ቡድናችን መሪ፣ እህቴ ከማረፏ በፊት «ኦም ማኒ ፔሜ ሁንግ» የሚለው ማንትራ፣ የሚደጋገመው የጸሎት ቃላችን፣ 100,000 ጊዜ ይደገምላት አለ። ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። መቁጠሪያው 108 ፍሬ ነው፤ በቲቤቶቹ ልማድ አንዱን ዙር 100 ብዬ እይዛለሁ፣ 8ቱ ለተሳሳተው ማካካሻ ናቸው። አንድ ዙር 3 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በቀን 30 ዙር፣ 21 ቀን ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳላጓድል 63,000 ደርሻለሁ። ሁሉንም የደገምኩት ከግርጌዋ ተቀምጬ ነው።

እሱስ? ኳስ ይከፍታል። ድምፁን ቀንስ ስለው ይቀንሳል፤ ጎል ሲገባ ደግሞ ራሱ ይጮኻል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስገባል። ባለፈው ሳምንት 80ኛው ፍሬ ላይ ደርሼ የሆነ የድሮ ቀልድ አነሳባትና ሁለቱም ሲስቁ ዙሩ ጠፋብኝ፤ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሌሊት እንዲሰማት በስልኬ የምከፍተውን ማንትራ አጥፍቶ ይተኛል። አንድ ቀን መቁጠሪያዬን ሚስማር ላይ ሰቅሎት አገኘሁ። ምነው ስለው «ጎኗን ወጋት» አለኝ። ደግሞ ኳሱ! እሷ የምትሞትበት ክፍል ውስጥ ኳስ!

እሷም ብትሆን በዚህ ሁሉ ረብሻ ሐሳቧ ተበትኗል። ልጇን ጠዋት ጠዋት ማን ትምህርት ቤት እንደሚያደርሳት ደጋግማ ትጠይቀኛለች፤ «መጣበቅ ነው፣ ልቀቂው» እላታለሁ። ማክሰኞ ሌሊት እጄን ይዛ «ትንሽ ዝም በይ» አለችኝ። ሕመሙ ነው የሚያናግራት ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ቀጠልኩ። ከቡድናችን አንዷ፣ በሽታው ካለፈ ሕይወቷ የመጣ ካርማ፣ የሥራዋ ፍሬ፣ ስለሆነ ቁጥሩ ካልሞላ አይጸዳም ብላኛለች። ታዲያ በዚህ ቤት እንዴት ይሞላል?

ይባስ ብሎ ሰሞኑን ቤት ድረስ የምትመጣውን ነርስ አነጋግሮ የሕመም ማስታገሻዋን ሞርፊኑን አስጨመረ። ከወሰደች በኋላ ለሰዓታት ትተኛለች። የመጨረሻዋ ሐሳብ ቀጣዩን ልደት ይወስናል ተብለን ነው የተማርነው። ደንዝዛ ብትሄድስ? የማታውን የምሰጣት እኔ ነኝ። ሳልሰጣት ባድር፣ ወይም ግማሹን ብቻ ብሰጣት፣ በጎ ካርማ ይሆንልኛል ወይስ ክፉ?

ቆጠራው ያላለቀላት እህት

መልስ

እህቴ፣

ልጅቷ በደብዳቤሽ ውስጥ አንድ መስመር ነው የደረሳት። ስሟ የለም፣ ዕድሜዋ የለም፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች የለም። የመቁጠሪያሽ ፍሬ ግን ተቆጥሮ ተጽፏል። ከልጅቷ ልጀምር፤ ባልየው ይቆየን።

እህትሽ ጥያቄውን የምትደጋግመው ሐሳቧ ስለተበተነ አይደለም። የመለሰላት ሰው ስለሌለ ነው። በፓሊ ቋንቋ በተጻፉት ጥንታዊ የቡድሃ መጻሕፍት ናኩላፒታ የሚባል አባወራ በጠና ታሞ ሳለ ሚስቱ ናኩላማታ አጠገቡ ተቀምጣ፣ በሐሳብ ተይዘህ አትሙት፣ እንዲህ ያለው ሞት ያሠቃያል ትለዋለች። ግን «ልቀቀው» ብላ አትተወውም። የሚያስጨንቀውን አንድ በአንድ ራሷ እየጠራች ትዘጋለታለች። ልጆቹን ማን ያሳድጋል ብለህ እንደሆነ፣ ጥጥ መፍተልና ሱፍ ማበጠር እችልበታለሁ፤ ቤቱንም ልጆቹንም እይዛለሁ። ሌላ ባል ታገባለች ብለህ እንደሆነ፣ አላገባም። እንዲህ እያለች ስድስት ማረጋገጫ ትሰጠዋለች። ስለ አእምሮ መረጋጋትና ስለ ትምህርቱ የምትናገረው መጨረሻ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው የልጆችና የኑሮ ጉዳይ ነው። (ናኩላፒታ ድኖ በዱላ ተደግፎ ወደ ቡድሃ ሄዷል። ይህን ለእህትሽ ተስፋ አድርገሽ እንዳታወሪላት።)

መልቀቅ የሚባል ትምህርት የለም እያልኩሽ አይደለም። ማሃናማ የተባለው የሻክያ ሰው (ሻክያ የቡድሃ ወገን ነው)፣ አንድ ምእመን የታመመ ምእመንን እንዴት ይምከር ብሎ ሲጠይቅ ቡድሃ በደረጃ መልሶለታል። በመጀመሪያ በሽተኛው የያዘው እምነትና የኖረበት ጨዋነት እየተነሣለት ይጽናናል። ቀጥሎ ለወላጆችህ ታስባለህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ ከዚያ ስለ ትዳር ጓደኛና ስለ ልጆች፣ ከዚያ ስለዚህ ዓለም ደስታ፣ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። መልቀቅ የሚነሳው ከማጽናናቱና ከጥያቄው በኋላ ነው። አንቺ ማጽናናቱን ዘለልሽ፣ ጥያቄውን እሷው ጠየቀችሽ፣ አንቺ ደግሞ ትእዛዝ መለስሽ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ከባሏ ጋር ቁጭ በሉ። ሰኞ ማን ያደርሳታል፣ ማክሰኞ ማን፣ ከትምህርት ቤት ማን ያመጣታል፣ ስትታመም ማን ይቀርላታል፣ የትምህርት ቤቱ ክፍያ ከየት ይወጣል፤ ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጻፉት። ልጅቷ ባለችበት ለእናቷ ይነበብላት። ተመልሳ ብትጠይቅ፣ መጠየቋም አይቀርም፣ ያንኑ ወረቀት ያንኑ ቃል አንብቡላት። አዲስ ማብራሪያ አትፈልጉ። የደከመ አእምሮን የሚያሳርፈው የማይለዋወጥ መልስ ነው።

አሁን በደብዳቤሽ ጭራ ላይ ወደ ሸጎጥሽው ጥያቄ። አይሆንም። መድኃኒቷን አትከልክያት፣ አትቀንሺባትም። ይህን የምልሽ የሐኪም ጉዳይ ነው ብዬ ልሸሽሽ አይደለም፤ በራስሽ ትምህርት ነው የምመልስልሽ። በመነኮሳቱ ሥርዓት በቪናያ፣ ፒሊንዳቫቻ የሚባል መነኩሴ የነፋስ ሕመም ይዞት ሐኪሞች ዘይት ከመጠጥ ጋር ተፈልቶ ይጠጣ ሲሉ ቡድሃ ፈቅዷል። አንዳንድ መነኮሳት መጠጡን አብዝተው ሲሰክሩበት እንኳ መድኃኒቱን አልከለከለም፤ የመጠጡ ቀለም፣ ሽታና ጣዕም እስካልታወቀ ድረስ ብሎ ልክ አበጀለት። ከምእመናን አምስት ትእዛዛት አምስተኛው ጥንቃቄን የሚያስጥለውን ስካር ነው የሚመለከተው። የሕመም ማስታገሻ በልኩ ሲወሰድ እዚያ ውስጥ አይገባም።

ማታ መድኃኒቱ ቢዘለል ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ሕመሙ ሌሊት ላይ ያይላል፤ አንዴ ካየለ በኋላ መልሶ ለማብረድ ከወትሮው የበለጠ ሊያስፈልግ ይችላል። ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ትገላበጣለች፣ ትቃዣለች። አንቺ የተመኘሽላት ንቃት ከዚህ ውስጥ ከየት ይመጣል?

እንቅልፉ ካሳሰበሽ ነርሷን በግልጽ ጠይቂያት። ሞርፊን ሲጀመር ወይም ሲጨመር የሚመጣው ድብታ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይቀንሳል። በጉበት ሕመም ላይ ግን መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ሐኪሙ መጠኑን ሊያሳንስ ወይም ሰዓቱን ሊያራርቅ ይችላል፤ ይህ የእሱ ውሳኔ ነው። ጉበት ሲደክም ራሱ ያስተኛል፣ ያደናግራልም። ሆድ ድርቀት ይህን ያባብሰዋል፣ ሞርፊን ደግሞ ሆድ ያደርቃል። ስለዚህ የመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተጸዳዳች መዝግበሽ ለነርሷ መንገር ብዙ ዙር ከመድገም የበለጠ አእምሮዋን ይጠብቅላታል። እህትሽ በራሷ አፍ «ሕመሙን ትንሽ ልቻለው፣ ነቅቼ ልቆይ» ካለች ያ ሌላ ነገር ነው፤ ለሐኪሙ ይነገርላታል። በደብዳቤሽ ውስጥ ግን ይህን ያለችበት ቦታ አላገኘሁም።

ስለ መጨረሻዋ ሐሳብ የተማርሽው ሐሰት አይደለም። የቡድሃ መጻሕፍት ተርጓሚ የሆነው ቡድሃጎሳ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካርማ የሚያፈራበትን ቅደም ተከተል ሲከፍል፣ ሞት አፋፍ ላይ የሚታሰበውን አንድ ክፍል አድርጎታል። የፓሊ መጻሕፍትን በሚከተለው በቴራቫዳ ወገን መምህራን ዘንድ የጋጣ ምሳሌ አለ፦ ጠዋት በሩ ሲከፈት ቀድማ የምትወጣው ለበሩ የቀረበችው ላም ናት፤ ያረጀችም ብትሆን። እሺ፣ እንቀበለው። እህትሽ ዘንድ በሩ ላይ የቆመው ምንድን ነው? ልጄን ማን ያደርሳታል የሚለው ነው። አንቺ ደግሞ ሕመሙን አምጥተሽ አጠገቡ ልታቆሚው ነበር።

ይኸው ማሃናማ ሌላ ጊዜ የአንቺን ፍርሃት ፈርቶ ነበር። ማታ ወደ ከተማችን ወደ ካፒላቫቱ ስገባ ዝሆኑ፣ ፈረሱ፣ ሠረገላው ሲጋፋኝ ሐሳቤ ይጠፋብኛል፤ በዚያች ሰዓት ብሞት ምን እሆናለሁ አለ። ቡድሃም አትፍራ አለው። ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ዛፍ ከሥሩ ቢቆረጥ ወዴት ይወድቃል? ወዳዘነበለበት። እህትሽ ለ15 ዓመት ስታዘነብል ኖራለች። አንድ የኳስ ጩኸት ወደ ምዕራብ አይገለብጣትም፤ ሞርፊንም አይገለብጣትም።

ካንሰሩ የካርማ ዕዳ ነው ያለችሽን ሴት ወደ አልጋው አታስጠጊያት። ሲቫካ የሚባል ተዘዋዋሪ መናኝ፣ ሰው የሚሰማው ሁሉ ካለፈ ሥራው የመጣ ነው የሚሉትን እንዴት ታያቸዋለህ ብሎ ቡድሃን ጠይቆታል። መልሱ፣ ከሕመም ምክንያቶች ሐሞት አለ፣ አክታ አለ፣ ነፋስ አለ፣ የእነዚህ ድብልቅ አለ፣ የወቅት መለዋወጥ አለ፣ ራስን አለመጠበቅ አለ፣ ድንገተኛ ጉዳት አለ፣ የካርማ ፍሬም አለ የሚል ነው። ካርማ ከስምንቱ አንዱ ነው። ሁሉን ለካርማ የሚሰጡ ሰዎች ራሳቸው ከሚያውቁትም፣ ዓለም እውነት ብሎ ከያዘውም አልፈው ሄደዋል ይላል። የታመመ ሰው ራስጌ «የእጅሽ ነው» ማለት ደግሞ ለተናጋሪዋ ክፉ ሥራ ነው፤ ካርማ ማለት በሐሳብ የታሰበ ሥራ ነውና።

ስለ ማንትራው። 100,000 በቲቤት ትውፊት በዋናነት ደጋሚው ራሱን የሚያሠለጥንበት ቁጥር ነው፤ በመሠረታዊው ልምምድ ስግደቱም፣ ቫጅራሳትቫ ለሚባለው የማንጻት ቡድሃ የሚደገመው ባለ መቶ ክፍለ ቃል ማንትራም በዚሁ ይቆጠራል። ለታመመ ሰው መድገምና በጎውን ለእሱ ማዋል አለ፣ መልካምም ነው። ነገር ግን ቁጥሩ በሷ ጆሮ ውስጥ መሞላት የለበትም። የምትቆጥሪውን ሳሎን ወይም ውጭ ሆነሽ ቁጠሪ።

አልጋው አጠገብ ስትሆኚ አደራረግሽ ሌላ ይሁን። ከግርጌ ተነሺ። ከግርጌ የሚደገም ድምፅ ክፍሉን አቋርጦ እስኪደርስ ከፍ ማለት አለበት፣ ተኝቶ ለሚሰማውም ስብከት ይሆንበታል። ራስጌዋ ላይ፣ አፍሽ ከጆሮዋ ትይዩ እንዲሆን ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ። ድምፅሽ ከተራ ወሬ ያነሰ ይሁን። ትንፋሿን ተከተዪ፦ ስታስወጣ አንድ ጊዜ ድገሚ፣ ስታስገባ ዝም በይ። ትንፋሿ ሲዘገይ አብረሽ ዘግዪ። 10 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ከንፈሯን በረጠበ ጨርቅ ንኪላት፤ አፍ ሲደርቅ በልብ መድገም እንኳ ይከብዳል። ግንባሯን እዪ፤ ከተጨማደደ አቁሚ። የዚህ ማንትራ ስድስት ክፍለ ቃላት የራሷ ልማድ ካልሆኑ፣ 15 ዓመት የደገመችው ሌላ ከሆነ፣ የእሷን ድገሚላት። ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸውን ስልክ ባልየው ማጥፋቱ ልክ ነው።

ማክሰኞ ሌሊት ዝም በይ ያለችሽ ሕመሙ ነው አልሽ። ትምህርቱን ያሳየችሽ ሰው እጅሽን ይዛ ስትለምንሽ የሰማሽው ሕመሙን ብቻ ነው? ጌንሺን የተባለው የጃፓን መነኩሴ በ985 በጻፈው መመሪያ፣ አስታማሚዎች የሚሞተውን ሰው ምን ይታይሃል ብለው እንዲጠይቁት ያዛል። በዓመቱ በሂኤይ ተራራ አንዱ ሌላውን በሞቱ ሰዓት ሊያስታምም 25 መነኮሳት ተማምለዋል። አንዱ ሲያጣጥር የሚከፈተው ጆሮ የሌላው ነው።

ባልየው? አሳቃት። በዚያ አልጋ ላይ በዚያ ሳምንት ከዚህ የተሻለ ነገር የሠራ ሰው በደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁም። መቁጠሪያው ጎኗን እንደወጋት ያየውም እሱ ነው። ከእሱ የምትጠይቂው አንድ ነገር ብቻ ይኑር፣ እሱንም አሁን ጠይቂው እንጂ አስከሬን ላይ ቆመሽ አይሁን፦ ካረፈች በኋላ ሰውነቷ ሳይነካ ጥቂት ሰዓት ይቆይ። በቻይና «ንጹሕ ምድር» በሚባለው የቡድሃ ወገን ተከታዮች ዘንድ 8 ሰዓት የተለመደ ነው። ነርሷ ስንት ሰዓት እንደሚቻልና መሞቷን ማን መጥቶ እንደሚያረጋግጥ አስቀድማ ትንገራችሁ። ኳሱን ተዪለት። እሷም እያየች ሊሆን ይችላል፤ ጠይቂያት።

የቀረሽ 37,000 ነው። ቲቤቶቹ ከሞት በኋላ 49 ቀን ይቆጥራሉ። ብታካፍዪው በቀን 8 ዙር አይሞላም፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅብሽም። ያን ጊዜ ጨርሺው። ዛሬ ማታ መቁጠሪያውን ሚስማሩ ላይ ተዪውና የማታዋን መድኃኒት በሰዓቷ ስጫት።