የሌሊት መንገድና የጭራቅ ፖድካስት

እህቴ፣ «ስለ ቢግፉት፣ ስለ ሎክ ኔስ፣ ስለዚያ ዓይነት አውሬ የሚያወሩ ፖድካስቶች ጀምሬ ሦስተኛው ክፍል ላይ ይሰለቹኛል፤ እናንተ ምናቸውን ነው የምትወዱት?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ የትራክ ሹፌር ነኝ። ከቨርጂኒያ ወደ ኦሃዮ ሌሊት ስነዳ ከእነሱ ሌላ የሚያነቃኝ የለም፤ ቡናውም ለምዶኛል። እስቲ ትንሽ ላውራሽ።

እኔም መጀመሪያ ሰልችቶኝ ነበር። «አለ ወይስ የለም?» እያልኩ ስለማዳምጥ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቀሽ መጨረሻው ላይ «እስካሁን ምስጢር ነው» ሲሉሽ ያበሽቃል። አሁን ጆሮዬን የምሰጠው ለሌላ ነገር ነው። ወሬው መጀመሪያ ከማን አፍ ወጣ? ማን ምን ጨመረበት?

ቢግፉትን እዪው፤ የአሜሪካ ጫካ ውስጥ ይኖራል የሚባለውን ፀጉራም ግዙፍ ፍጡር ማለቴ ነው። በ1958 ካሊፎርኒያ ጫካ ውስጥ መንገድ ሲሠራ፣ ጄሪ ክሩ የሚባል ቡልዶዘር ነጂ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን የእግር ዱካ አገኘ። ቅርጹን በጄሶ አወጣው፣ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ወሬው አገር አዳረሰ። በ2002 የመንገድ ሥራው ኮንትራክተር ሬይ ዋላስ ሲሞት፣ ቤተሰቦቹ ከእንጨት የተጠረበ ትልቅ እግር አውጥተው «ቀልዱ የእሱ ነበር» አሉ። 44 ዓመት ሙሉ! ይሄን የሚተርክ ክፍል «ጫካው ውስጥ ድምፅ ሰማን» ከሚለው አሥር እጥፍ ይጥማል። ስኮትላንድ ሎክ ኔስ ሐይቅ ውስጥ አለ የሚባለው አውሬ ያ የ1934ቱ ፎቶም ቢሆን መጫወቻ ሰርጓጅ መርከብ ላይ የተሰካ አንገት ነው።

ለእኔ ግን የሁሉም አውራ የፖይንት ፕሌዛንቱ ሞዝማን፣ «የእሳት ራት ሰው» የሚሉት ነው። ፖይንት ፕሌዛንት ዌስት ቨርጂኒያ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፣ መንገዴ ላይ ነች። አንድ ቀን ወርጄ ሐውልቱን አየሁት። ዓይኑ ቀይ፣ ክንፉ የተወለወለ ብረት ድስት ይመስላል። ኖቬምበር 1966 ላይ በመኪና የሚሄዱ ሁለት ወጣት ባልና ሚስቶች ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የድሮ የጥይት መጋዘን አጠገብ ክንፍ ያለው፣ ሰው የሚያክል ነገር አየን አሉ። ከ13 ወር በኋላ ወደ ኦሃዮ የሚያሻግረው ሲልቨር ብሪጅ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ተደረመሰ። 46 ሰው ሞተ። ሕዝቡ ሁለቱን አያያዘ። መርማሪዎቹ ያገኙት ግን ድልድዩን ከተሸከሙት የብረት ዘንጎች አንዱ ላይ የነበረች ስንጥቅ ነው። ጥልቀቷ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ። እኔ ትራኩ ከነጭነቱ 36 ቶን ሆኖ አዲሱን ድልድይ ስሻገር ትዝ የምትለኝ ያቺ ስንጥቅ ናት እንጂ ክንፉ አይደለም።

አንድ የማልወደውንም ልንገርሽ። አንዳንዶቹ ስለ «ኢትዮጵያው ጅብ-ሰው» እየሳቁ ያወራሉ። አያቴ ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል ትለን ነበር። ሸክላ ሠሪዎቹ ደጃፍ ስንደርስ እጃችንን ይዛ እየሮጠች ነው የምታሳልፈን፤ ድስቷን ግን ከእነሱው ነው የምትገዛው። ቢግፉት ጫካ ነው ያለው፣ የማንም ጎረቤት አይደለም። የእኛው ግን አድራሻ ነበረው። ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ስንት ዘመን ሰው እንዳይጋባቸው፣ አብሯቸው እንዳይበላ የተደረገው በዚሁ ወሬ ነው። ይሄን ሳይነካ የሚያልፍ ፖድካስት ሲገጥመኝ አጠፋዋለሁ።

አንቺ ከሞዝማን ጀምሪ፣ ብዙዎቹ ሠርተውታል። ድልድዩን በሁለት ደቂቃ ካለፉት ዝጊውና ወደ ሌላ ሂጂ።