ለገጣፎ ላለችው እህታችን፦ በጨው ውሃ ገንዳሽ ስለበቀለው አልጌ

ሰላም እህቴ። ጥያቄውን ላላዩት ባጭሩ፦ 60 ሊትር የጨው ውሃ አኳሪየም አላት፣ ሁለት ክላውንፊሽና ትንሽ ኮራል ይዟል። ድንጋዮቹ ላይ ፀጉር የመሰለ አረንጓዴ አልጌ በቅሏል፤ ብትነቅለውም ይመለሳል። የናይትሬትና የፎስፌት መመርመሪያው ግን ዜሮ ይላታል። የተነነውን የምትተካው ከሮቶ በቀዳችው ውሃ ነው። «መብራቱን ሦስት ቀን አጥፊ፣ የአልጌ መድኃኒት ጨምሪ» የሚል ምክርም ደርሷታል። እኔ ቱሉ ዲምቱ በኩል ነኝ፣ ተመሳሳይ ገንዳ ይዤ ቆይቻለሁ።

ከዜሮው ልጀምር። ድንጋዩ በአልጌ ተሸፍኖ መመርመሪያው ዜሮ የሚለው፣ የሚገባውን ናይትሬትና ፎስፌት አልጌው እግር በእግር ስለሚበላው ነው። ስለዚህ ገንዳውን ትተሽ ሮቶውን መርምሪ።

ከገንዳ የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ናይትሬቱም ሲሊካውም (ከድንጋይ የሚሟሟው ማዕድን) እዚያው ይቀራል። በበጋ ደረቅ አየር በቀን ግማሽ ሊትር ቢተን በወር 15 ሊትር ትሞያለሽ። የሮቶው ውሃ በሊትር 20 ሚሊግራም ናይትሬት አለው ብንል፣ ወሩ ሲያልቅ 300 ሚሊግራም ገብቷል፤ ለ60 ሊትር ሲካፈል በሊትር 5 ሚሊግራም፣ ያውም የዓሣ ምግብ ሳይቆጠር። የአዲስ አበባ ውሃ ከፊሉ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከፊሉ ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው የሚመጣው። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ሲሊካ ይዞ ይወጣል፤ አዲስ ገንዳ ላይ የሚታየውን ቡናማ ዲያቶም የሚባል አልጌ የሚመግበው እሱ ነው። ማፍላት አይረዳም፣ ውሃው ሲተን የቀረውን ያበዛዋል እንጂ።

የሚያዋጣው አርኦ ማጣሪያ ነው፣ ማለትም ውሃውን በግፊት ሜምብሬን በሚባል ስስ ወንፊት የሚያሳልፍ፤ የተረፈውን የሚይዝ ሬዚንም ይኑረው። ሜምብሬኑ በደንብ የሚሠራው ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ሲያገኝ ነው፤ ሦስት ሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ ሮቶ ግን 0.3 ባር ገደማ ብቻ ይሰጣል። ሻጩ ባያነሳውም ግፊት የሚጨምር ቡስተር ፓምፕ አብረሽ ግዢ። ማጣሪያው ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሦስት አራት ሊትር ይጥላል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያንን መድፋት ኃጢአት ነው፣ ለሽንት ቤትና ለወለል አውዪው። የተጣራው ቲዲኤስ ሜትር (ውሃ ውስጥ የሟሟውን የሚለካ መሣሪያ) ላይ 0 ማሳየት አለበት። እስክትገዢ ዲስትልድ ውሃ ይሆንሻል፤ ከባትሪ መሸጫ ከሆነ ግን እዚያው አሲድም ስለሚሸጥ ጀሪካኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጪ።

ነቀላው ላይ፦ ድንጋዩን አውጥተሽ ከገንዳው በቀዳሽው ውሃ ባልዲ ውስጥ በጥርስ ብሩሽ ፈትጊው። ገንዳው ውስጥ ከፈተግሽው ብጥስጣሹ ሄዶ ሌላ ቦታ ይይዛል። ግትር ለሆነው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከፋርማሲ ግዢና ድንጋዩ ከውሃ ውጭ ሳለ በሲሪንጅ አንጠባጥቢበት፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በጨው ውሃ ይለቅለቅ። ኮራሉን አይንካው። ሁሉንም ድንጋይ ባንድ ቀን አትነካኪ።

የሦስት ቀን ጨለማውን አልደግፍም፣ በተለይ እዚህ። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ የአየር ግፊቱ የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። የጨው ውሃ ደግሞ ከተራው ውሃ ያነሰ ነው የሚይዘው። አልጌ በጨለማ ኦክስጅን መስጠቱን ትቶ ይወስዳል፤ በመድኃኒት ባንዴ ሲሞት ደግሞ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ይወስዳሉ። በዚያ ሌሊት መብራት ቢጠፋና ፓምፑ ቢቆም ጠዋት ክላውንፊሾቹን አታገኚያቸውም። ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የተጻፈ ምክር ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካሁኑ አዘጋጂ፤ የገንዳው መብራት በታይመር በቀን ለ7 ወይም ለ8 ሰዓት ያህል ብቻ እንዲበራ አድርጊ፣ መስኮቱንም ጋርጂ።

ምግብ ቀንሺ፤ በረዶ የሆነውን ቀድመሽ አቅልጠሽ አጣሪውና ፈሳሹን ድፊ። ለማጣሪያ የትራስ ፋይበር ይበቃል፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ እስከተቀየረ ድረስ። በሳምንት 6 ሊትር ውሃ ቀይሪ። አስተያየት ላይ የአፍዴራ ጨው ይሞከር ያላችሁ፣ የገበታ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፤ ኮራል የሚፈልገው ካልሲየምና ማግኒዚየም ከዚያ አይገኝም። የባሕር ጨው ድብልቁ ውድ ቢሆንም ሌላ መንገድ አላየሁም።

አልጌው ሲሳሳ መመርመሪያው ከዜሮ ከፍ ቢል አትደንግጪ። በሊትር ናይትሬት 5፣ ፎስፌት 0.05 ሚሊግራም አካባቢ መልካም ነው። ሁለቱንም ወደ ዜሮ የሚገፋ ሰው ዲኖፍላጄሌት የሚባሉ ጥቃቅን ሕያዋንን ይጠራል፤ እነሱ ከፀጉር አልጌ ይብሳሉ።

ፎቶሽ ላይ አሸዋው ላይ የሚታየው ቀይ ልባስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሳያኖባክቴሪያ የሚባል፣ አልጌ የሚመስል ባክቴሪያ ይመስለኛል። በቀጭን ቱቦ ምጠጪውና ፓምፑን ወደዚያ ጥግ አዙሪ፣ ውሃ በማይንቀሳቀስበት ቦታ ይወዳል። አንቲባዮቲክ ጨምሪ የሚሉሽን አትስሚ፤ ጠቃሚዎቹንም ባክቴሪያዎች ሊጎዳ ይችላል።