ጣና ዳር ወፍ ለምታሳዩ ልጆች

ልጆቼ፣

አንዳንዶቻችሁ ባሕር ዳር ላይ አስጎብኚነት ጀምራችኋል። ሌሎቻችሁም እያሰባችሁበት ነው። ወፍ ማየት የሚፈልግ እንግዳ ሲመጣላችሁ የምታደርጉትን እያየሁ ነው። ጀልባ ይዛችሁ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ትከንፋላችሁ። የወፉን ስም በፈረንጅ አፍ ትጠሩና ቶሎ ወደሚቀጥለው። እስከ ምሳ የስሙ ዝርዝር ይረዝማል፤ እንግዳው ግን ምን አየ? እኔ በዚህ ሥራ ያረጀሁ ነኝና ልንገራችሁ፦ ከወፉ በፊት ረግረጉን እወቁ።

እስቲ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የእንፍራንዝ ወንዝ ጣና በሚገባበት በኩል ቁሙ። ጋቢ ወይም ጃኬት አትርሱ። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ የጥቅምትና የኅዳር ጠዋት ቀልድ አያውቅም። ከዚያ ዓይናችሁን ከዳር ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ አስኪዱት። ጭቃው ላይ ጋጋኖ በቆልማማ መንቆሩ ትል ይፈልጋል። ውሃው ቁርጭምጭሚት በሚያህልበት ቦታ ሳቢሳ ዝም ብሎ ቆሞ ዓሣና እንቁራሪት ይጠብቃል። ቅጠል የተንሳፈፈበት ላይ ጃካና ይራመዳል፤ ጣቶቹ እጅግ ረጃጅም ስለሆኑ ክብደቱ ይከፋፈላል፣ ቅጠሉም አይሰምጥም። በነገራችን ላይ የጃካናን እንቁላል የሚታቀፈውም ጫጩቶቹን የሚያሳድገውም ወንዱ ነው። ይህን ስትናገሩ ባልና ሚስት እንግዶች እንዴት እንደሚተያዩ ታዩታላችሁ።

ትንሽ ጠለቅ ሲል ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አለ። አየር ላይ ባለበት ክንፉን እያርገበገበ ይቆምና ቁልቁል ይወረወራል። ከእሱ ወዲያ ሻላዎች ተሰልፈው ዓሣውን ከበው ወደ አንድ ቦታ ይነዳሉ። ሁሉም የየራሱ ጥልቀት አለው፤ አንዱ የሌላውን ገበታ ብዙም አይነካም።

እንግዳችሁ ይህን ካየ ሌላውን ራሱ ይጠይቃችኋል። ደንገሉ ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ወይም ጫት ሲተከልበት ማን ቦታ እንደሚያጣ ይገባዋል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጣናን ያስቸገረው እምቦጭ የሚባለው አረም ክፍቱን ውሃ ሲሸፍነው፣ ከላይ ሆኖ ዓሣውን አይቶ የሚወረወር ወፍ ምን እንደሚሆን ለማስረዳትም ብዙ ወሬ አያስፈልግም። ዩኔስኮ ጣናን በ2015 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ሪዘርቭነት (ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው በሚኖሩበት ጥብቅ ስፍራነት) መዝግቦታል። ብትጠቅሱት ደግ ነው፣ ግን ከዚያ አትጀምሩ። ሰው የሚያምነው ያየውን ነው።

አንድ ነገር ግን በጣም ያናድደኛል። በስልክ የወፍ ድምፅ ከፍታችሁ ወፍ አትጥሩ። ወፉ ሌላ ወንድ ግዛቴ ውስጥ ገባ ብሎ መብሉን ጥሎ፣ ጎጆውን ትቶ ሊጣላ ይመጣል። እናንተ ፎቶ አገኛችሁ፣ እሱ ጠዋቱን ከሰረ። ይህ አስጎብኚነት አይደለም።

ከስልካችሁ ይልቅ ዓሣ አጥማጆቹን ጠይቁ። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩትን የነገደ ወይጦ አባቶችም አነጋግሩ። የትኛው ወፍ የት እንደሚያድር፣ የት እንደሚፈለፍል በውሃው ላይ የሚውል ሰው ያውቃል። ታዲያ ሲነግሯችሁ ጉርሻ ከደረሳችሁ አካፍሏቸው እንጂ «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። እውቀት ነው የሸጡላችሁ።

ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ወዳለው የጭምባ ረግረግ ሂዱ። ከመስቀል በኋላ ከሰሜን አውሮፓ የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች፣ እነዚያ ባለ ረጅም እግርና አንገት ትልልቅ ወፎች፣ የአገራቸውን የብርድ ወራት በጣና ዙሪያ ነው የሚያሳልፉት። ቀን ቀን ጤፍና ሽንብራ በተነሣበት ማሳ ላይ የወደቀ እህል ይለቅማሉ። ሲመሽ ጅብና ቀበሮ እንዳይደርስባቸው ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ በማሳውና በውሃው መካከል ቦታ ያዙ፣ በላያችሁ ያልፋሉ። መጀመሪያ ድምፃቸው ይሰማል። እነሱን ፍለጋ ሽንብራው ውስጥ አትግቡ፤ ያልታጨደ ማሳ አለ፣ ባለቤትም አለው። ጎጃሜ ገበሬ እንግዳ ይወዳል፣ ሰብሉን የሚረግጥበትን ግን አይወድም። ቀድማችሁ ሄዳችሁ «ጋሼ፣ በዳሩ እንለፍ?» በሉት፤ እሱ ራሱ የሚያርፉበትን ያሳያችኋል።