«ስሙን ብደብቀው አይበቃም?» የቤት ዋይፋይ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቤት ዋይፋይ ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ፦ የራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ደብሊውኢፒ፣ ደብሊውፒኤ፣ ደብሊውፒኤ2፣ ደብሊውፒኤ3 የሚሉ ምርጫዎች አሉ። ከጎናቸው ደግሞ ቲኬአይፒ እና ኤኢኤስ ይላል። የቱን ልምረጥ?

መልስ፦ አራቱ የዋይፋይ መቆለፊያ ዘዴዎች ናቸው፤ ቲኬአይፒ እና ኤኢኤስ ደግሞ መልእክቱ የሚመሰጠርባቸው መንገዶች። ደብሊውፒኤ3 ካለ እሱን። የቆየ ስልክ ወይም ፕሪንተር አልገናኝ ካለዎት 2 እና 3ን ያጣመረውን ይውሰዱ፤ እሱም ከሌለ ደብሊውፒኤ2 ከኤኢኤስ ጋር። ከዚህ በታች አይውረዱ። ደብሊውኢፒ ድክመቱ በአደባባይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ዛሬ በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም በደቂቃዎች ይሰበራል። ቲኬአይፒ ደግሞ የድሮ ዕቃዎች እስኪተኩ ተብሎ የመጣ ማስታገሻ ነበር። ብዙ ራውተሮች እሱ ሲመረጥ ፍጥነታቸውን ወደ 54 ሜጋቢት ያወርዳሉ፤ ስለዚህ ዋይፋዩ ተንቀራፈፈ የሚል ሰው መጀመሪያ እዚህ ቢያይ ደግ ነው።

ጥያቄ፦ ፓስወርዴ 8 ሆሄ ነው፤ ቁጥርም ምልክትም አለው። ራውተሩ «ጠንካራ» ብሎታል። ልመነው?

መልስ፦ አይመኑት። በደብሊውፒኤ2 አጥቂው ደጅዎ ቆሞ ፓስወርድ አንድ በአንድ አይሞክርም። ስልክዎ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን አጭር መልእክት ከአየር ላይ ይቀዳና ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ የእርስዎ ራውተር አያስፈልገውም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግምት እየደረደረ ያመሳክራል። ራውተሩ «ደጋግመህ ተሳስተሃል» ብሎ ሊያግደው ቀርቶ፣ እየተሞከረበት መሆኑንም አያውቅም። ቁጥር ብቻ የሆነ ባለ 8 አሃዝ ፓስወርድ 100 ሚሊዮን አማራጭ አለው፤ ብዙ ይመስላል እንጂ ለዘመናዊ ግራፊክስ ካርድ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

የሚያድንዎ ርዝመት ነው። እስከ 63 ሆሄ ይፈቀዳል። ዝምድና የሌላቸው አምስት ስድስት ቃላት ይሰካኩ፤ ለምሳሌ ድንጋይ፣ ቀጠሮ፣ ሰማያዊ፣ መሰላል፣ ትናንት (እነዚህን ግን አይውሰዷቸው፣ እዚህ ታትመዋል)። በላቲን ፊደል ይጻፏቸው፤ የፓስወርዱ ሕግ የግዕዝ ፊደልን አያካትትም። ደብሊውፒኤ3 ይህን አጥቂው ቤቱ ተቀምጦ የሚያደርገውን ግመታ የሚዘጋ ነው፤ እያንዳንዱ ሙከራ ከራውተሩ ጋር ፊት ለፊት መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ የዋይፋዩን ስም ብደብቅና የቤተሰቡን ስልኮች ብቻ በማክ አድራሻ (በየዕቃው የዋይፋይ መለያ ቁጥር) ብፈቅድ አይበቃም?

መልስ፦ ትርፉ ልፋት ነው። ስሙ ሲደበቅ ስልክዎ በሄደበት ሁሉ ያንን ስም እየጠራ ይፈልገዋል፤ ገበናውን ራሱ ያወጣዋል። ማክ አድራሻም ሳይመሰጠር በአየር ላይ ስለሚያልፍ መኮረጅ ቀላል ነው። ይባስ ብሎ የዛሬ ስልኮች ለየዋይፋዩ የተለያየ አድራሻ ስለሚሰጡ ብዙ ጊዜ ውጭ የሚቀረው ባለቤቱ ነው።

ጥያቄ፦ ደብሊውፒኤስ የሚባለውስ?

መልስ፦ ፓስወርድ ሳይጽፉ በቁልፍ ወይም በፒን ቁጥር ለመገናኘት የመጣ ዘዴ ነው፤ ያጥፉት። ፒኑ 8 አሃዝ ቢሆንም ራውተሩ በሁለት ከፍሎ ስለሚያረጋግጠውና የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ የሚሰላ ስለሆነ ሙከራው ከ11,000 አይበልጥም። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ጥያቄ፦ ፓስወርዱን ለጎረቤት ሰጥቼ ነበር። ሳላስቀይመው እንዴት ላስወጣው?

መልስ፦ የዋናውን ፓስወርድ ይቀይሩና «የእንግዳ» የሚለውን መስመር ከፍተው በሌላ ፓስወርድ እሱን ይስጡት። ኢንተርኔቱን ያገኛል፤ የእርስዎን ኮምፒውተርና ካሜራ ግን በአብዛኛው አያይም። ከኩርፊያ ይሻላል።

እግረ መንገድዎን ሴቲንጉን የሚከፍተውን የራውተሩን የራሱን መግቢያ ፓስወርድ ይቀይሩ። ዋይፋዩ ውስጥ የገባ ሰው ብራውዘር ላይ የራውተሩን አድራሻ (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1) ጽፎ «አድሚን»፣ «አድሚን» ካለና ከተከፈተለት፣ ያንን ሁሉ ረጅም ፓስወርድ አንብቦት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በገፍ የማረከው ከፋብሪካ በመጡ፣ ማንም ባልቀየራቸው ፓስወርዶች ነበር።

ጥያቄ፦ «አስቀምጥ» ስለው ግንኙነቱ ጠፋ። አበላሸሁት?

መልስ፦ የለም። በዋይፋይ ሆነው ፓስወርዱን ሲቀይሩ በአሮጌው የተገናኘው ሁሉ ይባረራል፤ እርስዎንም ጨምሮ። በአዲሱ ይግቡ። በሚቀጥለው ጊዜ ኮምፒውተሩን በኬብል ሰክተው ይሥሩት።