ኢንዱስትሪ ፓርክ ልቀጠር ወይስ የራሴን ስፌት ቤት ልክፈት?

ከደሴ የደረሰኝ ጥያቄ፦ «ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተመርቄ ቤት ተቀምጫለሁ። ሥራ ፈጠራ የሚያድገው ጥሩ ሕግ፣ ብድርና ሰላም ባለበት አገር ነው ይባላል። እኛ ጋ ይህ ሳይሟላ ስፌት ቤት ልክፈት ወይስ ኮምቦልቻ ፓርክ ልቀጠር?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ተቀጠሪ። ለደሞዙ ብለሽ ግን አይደለም፤ ደሞዙ እንደማያጠግብ አንቺም ሳትሰሚ አትቀሪም።

የባንግላዴሽን ነገር ልንገርሽ። በ1979 እ.ኤ.አ. ዴሽ የሚባል የአገሬው ኩባንያ 130 ሠራተኞቹን ደቡብ ኮሪያ ወደሚገኘው የዴዉ ፋብሪካ ልኮ አሠለጠነ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹ ዴሽን ለቀቁ። ገሚሶቹ የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ፣ ሌሎቹ አዲስ ለሚከፍቱት ሙያውን ይዘውላቸው ሄዱ። ዛሬ አገሪቱ ልብስ ለዓለም በመላክ ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት።

ሙያው ብቻውን ግን አይበቃም ነበር። መንግሥት ለኤክስፖርት የሚሰፋ ጨርቅ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቀደ። ባንኮች ደግሞ የውጭ ገዢው የከፈተውን ኤልሲ (ዕቃው ሲላክ እንደሚከፈል የገዢው ባንክ የሚሰጠውን የዋስትና ደብዳቤ) መያዣ አድርገው ጨርቅ መግዣ ሰጡ። ስለዚህ የሚያስይዘው ቤት የሌለው ሰውም ትዕዛዝ ካገኘ መሥራት ቻለ። እኔ ከሁሉም በላይ የምመዝነው ይህን ነው።

እኛም ጋ ጅምር አለ። ድሮ ባንክ ቤት ወይም መኪና ካላስያዝሽ አያናግርሽም ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ማሽን፣ ከብት፣ ከደንበኛ የምትሰበስቢው ገንዘብ ሳይቀር ለመያዣነት እንዲመዘገብ ፈቅዷል። በ2013ቱ የንግድ ሕግ ደግሞ ብቻሽን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ትችያለሽ። ሥራው ቢከስር ዕዳው በመርህ ደረጃ ማኅበሩ ጋ ይቀራል። ሕግ ወጣ ማለት ግን የብድር ባለሙያው ፈገግ ብሎ ይቀበልሻል ማለት አይደለም።

ሰላሙን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ፓርኩ ተዘረፈ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ዕድል፣ አስወጣች። በአንድ የውጭ ገዢ ላይ የተንጠለጠለ ሥራ ምን ያህል እንደሚያናጋ ያኔ ታየ። ስለዚህ የአንቺ የመጀመሪያ ገዢ ቅርብ ይሁን፦ የደሴ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ሆቴል።

ፋብሪካ ስትገቢ ስፌት መስመር ላይ ብቻ አትቅሪ። መቁረጫ ክፍል ግቢ። የልብስ ትልቁ ወጪ ጨርቁ ነው፤ ትርፍም ኪሳራም የሚጀምረው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ ሸሚዝ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ስንቱ በጥራት ፍተሻ እንደሚመለስ ማስታወሻሽ ላይ ጻፊ። (የአሠሪሽን ዲዛይንና ደንበኛ ግን እንዳትነኪ። ኮምቦልቻ ትንሽ ከተማ ናት፣ ስም ቶሎ ይሄዳል።)

ማሽን ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ ትምህርት ቤቶቹን አነጋግሪ። ዋጋ ብቻ አትጠይቂ፣ መቼ እንደሚከፍሉ ጠይቂ። ጀማሪን የሚገድለው ዱቤ ነው። ቢያንስ የጨርቁን ያህል ቀብድ የማይሰጥሽን፣ ትዕዛዙ የቱንም ያህል ቢያጓጓ፣ እለፊው። ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቁጥርሽንም ቀድመሽ አውጪ፣ ደረሰኝ ይጠይቁሻል። ዩኒፎርም ለመስከረም መድረስ ስላለበት ወሬውን በግንቦት ጀምሪ። ሐምሌ ላይ ከሄድሽ ሌላ ሰው ቀብዱን ተቀብሏል።