በጭቃው ልሩጥ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ኅዳር ላይ ለሚካሄደው ታላቁ ሩጫ እየተዘጋጀሁ ነው። 10 ኪሎ ሜትሩን ከ50 ደቂቃ በታች መጨረስ እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ግን ነሐሴ ላይ እንጦጦ ጫካ ውስጥ እንወዳደር እያሉ ይጨቀጭቁኛል። ጭቃው ደግሞ አያድርስ ነው! ዝግጅቴን አያበላሽብኝም?

መልስ፦ ሂድ እንጂ ወንድሜ! ሰዓትህን ግን ቤት ጥለኸው ሂድ። የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በዚያ ላይ ጭቃ ተጨምሮበት የአስፋልት ፍጥነትህን እዚያ መፈለግ ራስን ማድከም ነው። በትንፋሽህ ሩጥ። ዳገቱ ላይ ካቃተህ በእግርህ ሂድ፣ ማንም አይስቅብህም። ሰው የሚጎዳው ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ እርምጃህን አሳጥር፣ ጉልበትህን ላላ አድርግ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል የተነጠፈበትን ደግሞ ደረቅ መስሎህ እንዳታምነው፣ እኔ አምኜው በቂጤ ተንሸራትቼ ወርጃለሁ። ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ አድርግ፣ ክሩን ሁለቴ ቋጥር፤ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። በማግስቱ እረፍት፣ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ቀን ቀለል ያለ ሶምሶማ። ጫማህን ጋዜጣ ጠቅጥቀህበት ጥላ ላይ አድርቀው እንጂ እሳት አጠገብ አታስጠጋው፣ ማስቲሹ ይለቃል። ቁርጭምጭሚትህ ከዚህ በፊት ተጎድቶ ከሆነ ግን ይቅርብህ፣ ሻይ ይዘህ ጨራሾቹን ጠብቅ።